የገንዘብ ሚኒስቴር ስም ጻፊ

ጦርነቱ ያለቀ ሰሞን በገንዘብ ሚኒስቴር በር ላይ ስም የሚጽፈው ሰውዬ ሥራ ፈቶ አያውቅም ነበር። ካዝናው ባዶ ነው። ጠዋት ሦስት ዳቦ የሚገዛው ገንዘብ ከሰዓት በኋላ አንድም አይገዛም። መንግሥት ደግሞ በየወሩ ይወድቃል። በወደቀ ቁጥር አዲስ ሚኒስትር ይሾማል፤ አዲስ በተሾመ ቁጥር የድሮውን ስም ፍቆ አዲሱን የሚጽፈው እሱ ነው። የሚከፈለው በጻፈው ስም ልክ ነበር፤ ያውም ገንዘቡን የሚፈልገው ስላልነበረ በዱቄት።

«ዛሬም አልወደቁም?» ትለዋለች ሚስቱ ዱቄቱ ሲያልቅ።

«ታገሺ እንጂ፣ ፊታቸው ጥሩ አይደለም። ሐሙስን አያልፉም።»

ብዙ ጊዜ አይሳሳትም። ስምንተኛው ሚኒስትርማ ቀለሙ እስኪደርቅ እንኳ አልቆዩም። ሥልጣን ለቅቄያለሁ ብለው በንዴት ሲወጡ በሩን በትከሻቸው ገፉትና ግማሽ ስማቸውን በኮታቸው ይዘው ሄዱ።

ዘጠነኛዋ ሴት ነበሩ፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ምሳቸውን ከቤት ቋጥረው የሚመጡ። የገንዘብ ማተሚያውን አስቆሙ። አሮጌውን ገንዘብ በአዲስ ለወጡ። የሚኒስትሮቹን መኪና የራሳቸውንም ጨምረው ሸጡና በአውቶቡስ መመላለስ ጀመሩ። ምክር ቤቱ ጮኸ፣ ተሳደበ፣ በመጨረሻ ግን እጁን አወጣላቸው። አንድ ወር አለፈ። ሦስት። ስድስት። የዳቦ ዋጋ ሳይነቃነቅ ከረመ። የጎረቤቱ ሁሉ ፊት ሲፈታ የስም ጻፊው ብቻ ጠቆረ።

«አገር ሲያገግም አንተ ትታመማለህ?» አለችው ሚስቱ። «መቼ እንደሚለቁ ሂድና ጠይቃቸዋ!»

ቀልዷን ነበር። እሱ ግን ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ።

«ክብርት ሚኒስትር» አለ ባርኔጣውን እያሻሸ፣ «እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ የመልቀቅ ሐሳብ አለዎት?»

ሚኒስትሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ማነው የላከዎት? ተቃዋሚዎቹ?»

«ኧረ ባለቤቴ ናት።»

ነገሩን ሲያስረዳቸው፣ ጥርሳቸው ታይቶ የማያውቀው ሴትዮ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠሩት።

«ይመልከቱ። ተዘግቶ የከረመው ሱቅ ሁሉ እየተከፈተ ነው። ታፔላ ያለው ግን አንድም የለም።»

እውነታቸውን ነበር። በማግስቱ መሰላሉን ተሸክሞ ከሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ዘንድ ሄደ። እጁ ግን ዓመት ሙሉ የሚኒስትር ማዕረግ ሲጽፍ የኖረ እጅ ነው። ክንድ በሚያህሉ ፊደላት «ክቡር ዳቦ ቤት» ብሎ ጽፎ ወረደ።

ዳቦ ጋጋሪው ወጥቶ ሲያይ ራሱን ያዘ። «ምን ጉድ ሠራኸኝ! ክቡር ማነው?»

«ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ።»

ብሩሹን ሳያነሳ አንዲት አሮጊት ታፔላውን አንብበው አንገታቸውን ወደ ውስጥ አሰገጉ። «ክቡርነትዎ፣ እስቲ ሁለት ዳቦ!» ከኋላቸው ያለው ሁሉ እየሳቀ ተሰለፈ። ዳቦ ጋጋሪው ኮሌታውን አስተካከለ።

«ተወው» አለ። «ይልቅ ዋጋውን ከሥሩ ጻፍልኝ።»

«ለዋጋ የሚሆን ጠመኔ አልያዝኩም።»

«የምን ጠመኔ? በዘይት ቀለም ነዋ!»

ስም ጻፊው ትክ ብሎ አየው። «ይደርቃል እኮ።»

«ይድረቅ።»

በዚያ ዓመት አርባ ሦስት ታፔላ ጻፈ። ሚስቱ መሰላሉን ትይዝለታለች፤ ከታች ሆናም ፊደል ታርምለታለች።