ስም አልሰጥም ያለው ጭቃ ሹም

የአክስቴ የሐረገወይን ባል አያ አድማሴ ከኮሶዬ በላይ ያለችው የወይራ አምባ ጭቃ ሹም ነበር። ጭቃ ሹምነት ትልቅ ሹመት አይደለም። ግብር ማስከፈል ነው፤ ወሰን የተጋፉ ጎረቤቶችን ማስታረቅ ነው፤ የመንግሥትን ትእዛዝ ለሰው፣ የሰውን አቤቱታ ለመንግሥት ማድረስ ነው። ከአባቱ ወርሶ ይህን ሲሠራ ጣሊያን መጣና አምስቱን ዓመት ዱር ከረመ። ጣሊያን ሲወጣ አንድ ጆሮው በቦምብ ደንቁሮ፣ ምንሽር ጠመንጃውን አንግቶ ቤቱ ገባ። ሹመቱንም መለሱለት። ቁመተ ረዥም፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነበር። አገሩ "እሱ ካለ አለ ነው" ይለዋል። አክስቴ ግን ይህን ስትሰማ ደስ አይላትም ነበር። "መመለስ የማያውቅ በሬም አለ፤ ገደል ነው የሚገባው" ትላለች። ታሪኩን የነገረችኝም እሷ ናት።

ጣሊያን በወጣ በሰባት ስምንት ዓመቱ በቅዳሜ ገበያ ትእዛዝ ተነገረ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ ጎንደር ወርዶ ያስመዝግብ፣ ፈቃድም ያውጣ፤ ጭቃ ሹሞች በየአጥቢያቸው ጠመንጃ ያለውን ሰው ስም ለገዥው ያስታውቁ ተባለ።

በማግሥቱ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ወደ ቤቱ አልሄደም፤ ከደጀ ሰላሙ ተሰብስቦ ቀረ። መጀመሪያ የተነሣው ሰጠኝ ነበር። ሰጠኝ የአያ አድማሴ ጎረቤት ነው፤ ዱርም አብረው ከርመዋል። ከጣሊያን ሹም የማረከው ቤልጅግ የሚባል ጠመንጃ ነበረው። በዚያ አጥቢያ ከሱ በቀር ቤልጅግ የያዘ አልነበረም።

"ጣሊያንም መጀመሪያ ስም ነው የጠየቀ" አለ ሰጠኝ። "ስም ሰጠን። ቀጥሎ ጠመንጃ አምጡ አለ። ጠመንጃውን የሰጡትን ደግሞ ወንዝ አውርዶ ፈጃቸው። ረሳችሁት? ዛሬ የተጻፈ ጠመንጃ ነገ ይወሰዳል። ሽፍታ ከብታችንን ሲነዳ በምን ልንመልሰው ነው? በዱላ?"

ሰው አጉረመረመ። ያን ጊዜ የተፈጁት ሰዎች ልጆች እዚያው መሐላቸው ቆመው ነበር። የደብሩ ቄስ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን አወጡና "የወንድሙን ስም የሰጠ እንደ አርዮስ የተለየ፣ ከይሁዳ ጋር የተቆጠረ ይሁን" ብለው ገዘቱ። ሁሉም "አሜን" አለ።

"ማን ሄዶ ይህን ለገዥው ይናገራል?" ሲባል ግን እኔ የሚል ጠፋ። አያ አድማሴ "ጭቃ ሹሙ እኔ ነኝ፤ እኔ እናገራለሁ" አለ።

ሐረገወይን ማታ "ምነው አንቱ ብቻ?" ብላ ጠየቀችው። "አሜን ያለው አገር ሙሉ ሰው ነው። ሦስት አራት ሽማግሌ እንኳ አይከተልዎትም?"

"ሹመቱ የኔ ነው" አላት።

ገዥው ቀኛዝማች ገብረ ሚካኤል የሚባል፣ የጠላትን ዘመን በስደት ያሳለፈ ሰው ነበር። ጣሊያን በሠራው ፎቅ ቤት ውስጥ ተቀምጦ አያ አድማሴን አቆመው።

"በአጥቢያህ ጠመንጃ ያለው ማን ማን ነው?"

"አልናገርም ጌታዬ።"

"አታውቀውም ወይስ አትናገርም?"

"አውቀዋለሁ። ያወቅሁት ግን በሹመቴ አይደለም፤ አብሬያቸው ዱር ስለ ከረምሁ ነው። ግብር የሚከፍለውን ይጠይቁኝ፣ እነግርዎታለሁ። ይህን ግን ሰዉ አልፈቀደም፤ እኔም ከሰዉ አልለይም።"

ቀኛዝማች አልተቆጣም። "ያ ዘመን አልፏል" አለው። "ዛሬ ዳኛ አለ፣ ፖሊስ አለ። ሰው ሲገደል በማን መሣሪያ እንደ ተገደለ ማወቅ አለብን።"

"ሽፍታ ሲመጣ ፖሊስዎ ከጎንደር ተነሥቶ እስኪደርስ ከብቱ ወልቃይት ይገባል" አለ አያ አድማሴ።

ገዥው ሳቀ። የሌላውም አጥቢያ ጭቃ ሹሞች እንዲሁ እምቢ ብለውት ስለ ነበር ያን ዕለት ገሥጾ ለቀቀው። ነገሩም ለጊዜው ተድበስብሶ ቀረ። አያ አድማሴ ወይራ አምባ ሲደርስ ሴቱ በእልልታ ተቀበለው፤ ሰጠኝም ሙክት አረደለት። አክስቴ የዚያን ቀን ሥጋ አልቀመሰችም። "ጨጓራዬ አሞኝ ነበር" ትላለች፣ ግን ስትናገረው ዓይኗ ሌላ ይላል።

በዓመቱ፣ ገብስ ታጭዶ ሳያልቅ፣ ሰጠኝ ከወለተሩፋኤል ልጅ ከውዱ ጋር በግጦሽ ወሰን ተጣላ። ወለተሩፋኤል ባሏን ጣሊያን የገደለባት፣ ያንን አንድ ልጅ ይዛ የቀረች ሴት ናት። ውዱ ገና ሚስት ያጨ፣ ለማንም የማይበገር ጎረምሳ ነበር። ሰጠኝ የነቀለውን የወሰን ድንጋይ ውዱ መልሶ ተከለው። ሰጠኝ ደግሞ ነቀለው፤ ውዱ ደግሞ ተከለው። አያ አድማሴ በመጪው እሑድ ሁለቱንም ላስታርቃችሁ ብሎ ቀጠሮ ሰጥቷቸው ነበር። እሑዱ ሳይደርስ ውዱ ሞተ።

አያ አድማሴ ከላይኛው መንደር ሲመለስ ተኩስ ሰማ። ደህናው ጆሮው በዚያ በኩል ነበር። ከወሰኑ አጠገብ ካለው የአስታ ዛፍ ጫካ ሰጠኝ ቤልጅጉን በጋቢው ሸፍኖ ወጣና ፊት ለፊት ተገጣጠሙ።

"ምን ተኮስህ?" አለው።

ሰጠኝ ጋቢውን በቤልጅጉ ላይ ሳበ። "አያ፣ ቀድሞ ድንጋይ አነሣብኝ። አንተ ግን እኔን አላየኸኝም።"

"ምን አድርገህ ነው የምልህ!"

"ግዝት አለብን አያ። አሜን ብለሃል።" ይህን ብሎ ቁልቁል ወረደ።

አያ አድማሴ ሮጦ ወሰኑ ጋ ሲደርስ ውዱን በደረቱ ተደፍቶ አገኘው። ገልብጦ ዓይኑን የከደነው እሱ ነው። አስከሬኑን ለእናቱ ያደረሰውም እሱ ነው። ወለተሩፋኤል በልቅሶው ላይ፣ ወንዶቹ ሁሉ ጠመንጃቸውን ቤት ትተው በመጡበት፣ እንዲህ ብላ አለቀሰች፦

ስም የለውም አሉ የገደለህ ነገር፣
አንተ ነህ ለካንስ ስም ያለህ በአገር።

ፖሊሶች መጥተው ከአስታው ሥር ቀለሃ አገኙ። የቤልጅግ ቀለሃ ነበር። ሰዉን ሰብስበው "በዚህ አጥቢያ ቤልጅግ ያለው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ሰጠኝም አብሮ መሬት አየ። አያ አድማሴን ለብቻው ወስደው ሲጠይቁት "ግዝት አለብኝ" አለ።

ማታ ወለተሩፋኤል ልትማጸነው ድንጋይ ተሸክማ ደጁ ላይ ወደቀች። አክስቴ ልታነሣት ብትታገል እምቢ አለች።

"አያ አድማሴ፣ አንድ ስም ብቻ!"

"እኅቴ፣ አንዱን ከሰጠሁ ሁሉንም ይጠይቁኛል። አገሩ ባዶ እጁን ይቀራል። ሽማግሌ ሰብስቤ ደሙን አስክስሻለሁ።"

"ካሣ መቼ ጠየቅሁህ? ልጄን የገደለ ሰው ነገም በደጄ ሊያልፍ ነው። ምነው፣ ያንተ ልጅ ቢሆን?"

አያ አድማሴ ልጅ አልነበረውም። እሷ ድንጋዩን እዚያው ጥላ ሄደች። አክስቴ በሕይወቷ ሙሉ በባሏ ላይ የጮኸችው ያን ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። "ግዝቱ ጠመንጃን ለመጠበቅ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይን መጠበቅ ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችው። እሱም እንዲህ አላት፦ "አውቃለሁ። ግን ዛሬ ብናገር ነገ ሌላው ጭቃ ሹም ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ ለመንግሥት እምቢ የሚል አይኖርም።" ይህን ያመነ ይመስለኛል። ከልቡ አምኖት ነው።

በሳምንቱ ነፍሰ ገዳይ ሸሽገሃል ተብሎ ታሰረ። እግር ብረት አግብተው ጎንደር ወሰዱት። ሲበረብሩ ያልተመዘገበ ምንሽሩን ከቤቱ አገኙና ያንንም ወሰዱ።

ሐረገወይን ስንቅ ይዛ ከወይራ አምባ ጎንደር ትመላለስ ጀመር። በመጀመሪያ ሰሞን ሰው እህል ያዋጣላት ነበር። ኋላ እየቀነሰ ሄዶ ቀረ። ለአዝመራው የመጣላት ደቦ አልነበረም፤ ገብሷን ወፍ በላው። አንድ ቀን የእስር ቤቱ ደጅ ላይ ስትደርስ ባሏን አስጠራችና ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም ነገረችው።

"ሰጠኝ ተሾመ።"

"ምን ተሾመ?"

"ያንቱን። ጭቃ ሹም ሆነ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። አያ አድማሴ በታሰረ በጥቂት ወር ሰጠኝ ማንም ሳያየው ጎንደር ወረደና ቤልጅጉን ከሁሉ ቀድሞ አስመዘገበ። ጠመንጃውን ገዳማት ሊሳለም ሄዶ በነበረ ጊዜ፣ ውዱ ከሞተ በኋላ፣ ከአንድ ነጋዴ ገዛሁት አለ። ፈቃድ ተሰጠው። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቀን ከውዱ ሞት በኋላ ስለሆነ ጠመንጃው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ የገዥውን ጉልበት ይዞ "የቀሩትን እኔ ላሳውቅዎ" አለ፤ የወይራ አምባን ጠመንጃ ሁሉ ከነባለቤቱ ቆጠረ። ቀኛዝማችም ይህን የመሰለ ሸጋ ሰው ነው የምፈልገው አለና ሾመው። ስማቸው የተነገረባቸው ሰዎች ምን አደረጉ? እየወረዱ ተመዘገቡ። ጠመንጃቸውን ማንም አልወሰደባቸውም። ፈቃዳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተመለሱ። ቄስ ወልደ ዮሐንስም ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ አንድ ውጅግራ ጠመንጃ አስመዝግበው ነበር።

አያ አድማሴ ይህን ሰምቶ ዘበኛውን ጠርቶ "ገዥው ፊት አቅርቡኝ፤ እናገራለሁ" አለ።

አቀረቡት። ያየውን አንድ በአንድ ተናገረ፤ ከአስታው ውስጥ ማን እንደ ወጣ፣ በጋቢው ሥር ምን እንደ ያዘ፣ ምን እንዳለው። ቀኛዝማች ገብረ ሚካኤል እስከ መጨረሻው ሰማው።

"ይህን ያኔ ብትነግረኝ ሰውየውን እሰቅለው ነበር" አለው። "ዛሬ ሹመትህን የወሰደውን ሰው ትከሳለህ። ማን ያምንሃል? እኔ እንኳ ባምንህ ዳኛ ያምንሃል? ቂም ነው ይልሃል።"

"እውነት ነው ጌታዬ። ማርያምን!"

"ያኔም እውነት ነበር" አለ ቀኛዝማች። ለዘበኛውም መልሰው አለው።

ዓመት ከመንፈቅ ታስሮ ምሕረት ሲደረግ ተፈታ። ወይራ አምባ የደረሰው የገበያ ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ጠመንጃውን አንግቶ ይሄዳል፤ በዱላ የሚሄድ እሱ ብቻ ሆነ። ያገኘው ሁሉ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ" ይለዋል፤ ግን ሰላምታውን ጨርሶ የሚቆም አልነበረም። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ቤቱ ድረስ መጥተው በገዥው ፊት ስም በመጥራቱ ግዝት አፍርሷልና ንስሐ እንዲገባ ነገሩት። "ሌሎቹስ አባቴ?" ሲላቸው "እነሱ የራሳቸውን ነው ያስመዘገቡ" አሉት። "ሰጠኝስ?" አላቸው። "እሱ ሹም ነው" አሉና ተነሡ።

በማግሥቱ ወለተሩፋኤል ቤት ሄደ። ግቢው ዳዋ ለብሶ ነበር። እሷ ከደጅ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፤ ቀና ብላ አየችው እንጂ ተቀመጥ አላለችውም።

"ስሙን ልነግርሽ መጣሁ" አላት። "ሰጠኝ ነው።"

እንዝርቷን አላቆመችም። "እሱን ማን አጣው? ልጄ የወደቀ ዕለት ነው ያወቅሁት። እኔ አንተ እንድትለው ነበር የፈለግሁ። ሰዉ የሚሰማህ፣ መንግሥት የሚሰማህ ያን ጊዜ ነበር። አሁን ለኔ ምን ያደርግልኛል? ሂድ አያ፤ እኔ ካንተ ጋር ነገር የለኝም።"

በዚያው ክረምት መሬቷን ለዘመድ ትታ ጎንደር ገባችና መነኮሰች። ከአንድ ደብር ግቢ በልመና ትኖር ነበር ይባላል። የግጦሹን ወሰን የሚከራከር ስላልቀረ ሰጠኝ እስከ ወንዙ ድረስ ያዘው።

አያ አድማሴና አክስቴም ብዙ አልቆዩ። ሰጠኝ ግብር በዛባችሁ እያለ፣ ወሰን ገፋችሁ እያለ ኑሮ ነሣቸው፤ ወደ አዘዞ ወረዱ። አክስቴ ጠላ ጠመቀች። እሱ የማኪና ማቆሚያ ዘበኛ ሆነ። እኔ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ካፖርት ለብሶ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ማኪና ሲመጣ ሰንሰለቱን ያወርዳል፣ ሲገባ መልሶ ያያይዛል። ስለ ወይራ አምባ ሰው ቢጠይቀው "ረሳሁት" ነበር መልሱ። ግን አልረሳም። አክስቴ እንደምትለው ሌሊት እየቃዠ የሚጠራው የውዱን ስም ነበር።

የሞተው በሳምባ በሽታ ነው። ቀብሩ ላይ ከወይራ አምባ ብዙ ሰው ወረደ። ሰጠኝ ፊት ፊት እየመራ መጣ፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጥሩ ባርኖስ ደርቧል። ሬሳው ላይ ወድቆ "ጓዴን! አገር ያቀናውን!" እያለ ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። ሰዎች አፈፍ አድርገው አነሡት። ከቀብር መልስ አክስቴ ሰዉ ወደ ተቀመጠበት ንፍሮ ይዛ ወጣች። ለሁሉም አዳረሰች። ሰጠኝ ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆመች፤ ከዚያ ለሱም ዘገነችለት። ለቅሶ የመጣን ሰው አይመልሱም።