ቂጥ አልባዋ ማሰሮ

ናዲያድ ከተማ ውስጥ ዕቃ ተራ ያለ ሰው ሁሉ ኢንዱማቲን በጣቷ ያውቃታል። የነሐስ ድስት ሲመጣላት በጣቷ አንጓ ኳ ታደርገውና ጆሮዋን ትሰጠዋለች። «ይሄ ስስ ነው፣ ሁለት ክረምት አይዘልቅም፣ መልሰው» ካለች ነገሩ አለቀ፤ አቅራቢው አይከራከራትም።

ይህን ይዛ አልተወለደችም። ባሏ ሲሞት የድስት ሱቁን የተረከበችው መዳብና ነሐስ በቅጡ ሳትለይ ነበር። አቅራቢው አታለላት፣ ገዢው አታለላት፣ የድስት ውስጥ በቆርቆሮ የሚለብጠው ሰውዬ ሳይቀር አታለላት። ሁሉንም በኪሳራ ተማረች። «ልጅ ሆኜ ገንዘብ በእጄ አስይዞኝ የሚያውቅ የለም፤ አያያዙን ከየት ላምጣው?» ትላለች። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የመንደሩን ልጆች ሱቋ ደፍ ላይ ትሰበስባለች። በሳምንቱ ውስጥ የምትጓጓለት ቀን ይኸው ነው።

ማስተማሪያዋ አራት ትንንሽ የሸክላ ማሰሮ ነው። አባቶች ሰው በሕይወቱ የሚሻው አራት ነገር ነው ብለዋል፤ እሷም ለእያንዳንዱ ማሰሮ ሰጠችው። መጀመሪያ ዳርማ፣ የሚገባውን ማድረግ፤ ከዚያ የወጣ ሳንቲም መንደሩ ውስጥ ላለው የወፎች መመገቢያ ማማ እህል ይገዛል። ቀጥሎ አርታ፣ ሀብት፤ እዚያ የገባ ገንዘብ ሥራ ይሠራል እንጂ አይተኛም። ሦስተኛው ካማ፣ ደስታ። «ጣፋጭ መብላት ኃጢአት አይደለም፤ በአርታ ገንዘብ ጣፋጭ መብላት ግን ቂልነት ነው።» አራተኛው ሞክሻ፣ ከሁሉም ነፃ መውጣት። የዚህን ማሰሮ ቂጥ ራሷ በመዶሻ አውልቃዋለች። ሳንቲም ሲከቱበት በታች ዱብ ይላል፤ ልጆቹም በሳቅ ይፈርሳሉ።

«እማማ፣ ይቺ እኮ ምንም አትይዝም!»

«አዎ፣ ሥራዋ እሱ ነው። ገንዘብ ሲሄድ አብራችሁት እንዳትሄዱ።»

ዘንድሮ ልጆቹ የአርታን ማሰሮ ገልብጠው ለዲዋሊ፣ ለብርሃን በዓሉ፣ የሸክላ ኩራዝ ሊነግዱ ወሰኑ። ፊት የቆመችው የጣፋጭ ቤቱ ባለቤት የጃሹ ልጅ፣ የአሥር ዓመቷ ክሩፓ ናት። ጃሹ ግን ገና ሲሰማ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«እህት ዓለም፣ ልጄን በማሰሮ ፍልስፍና ልታከስሪያት ነው?»

«አንተ ስንት ኪሎ ስኳር እንዳቃጠልክ ንገራት፤ እሱም ትምህርት ነው።»

«ቀልዱን ተይው። ለዲዋሊ ማታ አትርፈው ካየሁ አፌን እዘጋለሁ። ከከሰሩ ክሩፓ ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ አስጠኚ ጋ ትሄዳለች።»

ክሩፓ ከሄደች ሌሎቹም ወላጆች ልጆቻቸውን እንደሚያስቀሩ ኢንዱማቲ አላጣችውም። ደፉ ባዶ ሆኖ ታያት። «እሺ» አለች፤ ድምጿ ግን እንደ ስስ ድስት ነበር።

ንግዱ ጦፈ! ከዲዋሊ ሁለት ቀን በፊት በሚውለው በዳንቴራስ ቀን አዲስ የብረት ዕቃ ሳይገዛ የሚያድር ቤት የለም፤ ሱቋ ከጠዋት ጀምሮ ተጥለቀለቀ። ድስት የገዛ ሁሉ ሲወጣ ልጆቹ መንገዱን ይዘጉበታል። «አጎቴ፣ ድስት ይዘው በጨለማ ሊገቡ ነው?» «እትዬ፣ ለጎረቤትም ይውሰዱ እንጂ!» ፀሐይ ሳትጠልቅ አንድ ኩራዝ አልቀረም።

የዚያን ዕለት ማምሻውን ሰው ሁሉ ሀብትን የምትሰጠውን ላክሽሚን ያመልካል፤ ሳንቲም በወተት ያጥባል፣ ቀይ ዱቄት ይቀባል። ኢንዱማቲ የመጨረሻውን ገዢ ሸኝታ ስትዞር ልጆቹ ሰሃን ከበው ተቀምጠዋል። ሳንቲሙ ወተት ውስጥ ይዋኛል፤ የገንዘብ ኖቶቹ ግንባራቸውን እንደ ሙሽራ ቀልተዋል።

«ሁሉንም?» አለች።

«ሁሉንም!» አለች ክሩፓ፣ ፊቷ እየበራ። «የእርስዎ አንድ ሳንቲም ብቻ ናት፤ እኛ በለጥን!»

ኢንዱማቲ ወገቧን ያዘች። በዚያ ማታ ጸሎት የተደረገበት ገንዘብ ለከርሞ ይቀመጣል እንጂ አይመነዘርም። ለዚህ ነው ትልቅ ሰው አንዲት ሳንቲም ብቻ የሚያወጣው። ይህን ለልጆቹ መንገር ረስታለች።

በማግስቱ ጠዋት ሸክላ ሠሪው ሙልጂ ልጆቹ ያዘዙትን ሁለተኛውን የኩራዝ ጭነት ጋሪ ሙሉ ይዞ ከች አለ። ለዲዋሊ ዕለት የሚሸጠው ይህ ነው።

«ገንዘቡስ?»

«አለ… ግን አይነካም» አለች ክሩፓ።

«የማይነካ ገንዘብ እኔ ምን ይሠራልኛል? ዱቤ የለም፣ ልጆች። ጭቃውም እንጨቱም ለኔ ዱቤ አልሰጡኝም።»

ጃሹ ከማዶ ቦርጩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «ዕቃው ጋሪ ላይ፣ ገንዘቡ ጸሎት ላይ! ይኸው ፍልስፍናሽ!»

ኢንዱማቲ እጇን ወደ ራሷ መሳቢያ ሰደደችና መለሰችው። እሷ ከከፈለች ንግዱ የልጆቹ አይሆንም። ልጆቹን ገንዘቡን አውጡት እንዳትል ደግሞ ፈራች። ባሏ አንድ ዓመት ጸሎት የተደረገባትን ሳንቲም ለቆርቆሮ ከፍሎ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ነው የታመመው። በሳንቲሟ የተነሳ ነው ብላ አታምንም። ግን ከዚያ ወዲህ ነክታ አታውቅም።

ሙልጂ የጋሪውን እጀታ አነሳ።

«ቆይ፣ ቆይ!» ክሩፓ ተንደርድራ ሰሃኑንና አራተኛዋን ማሰሮ አመጣች። «እማማ፣ ሞክሻ ውስጥ የገባ ገንዘብ የማን ነው?»

«የማንም።»

«የማንም ካልሆነ እኛ አላወጣነውም። ራሷ ላክሽሚ ናት የሄደችው!» ማሰሮዋን ሙልጂ ጋሪው ላይ ካነጠፈው ጨርቅ በላይ ይዛ ገንዘቡን ልትገለብጥ ቀና አለች። ግን አልገለበጠችም፤ ዓይኗን ኢንዱማቲ ላይ ተክላ ጠበቀች።

ኢንዱማቲ ከባንኮኒው በላይ የተሰቀለውን የላክሽሚን ሥዕል አየች። ሃያ ዓመት ሙሉ ሥሩ ተቀምጣ ሸጣለች። የአምላኳ መዳፍ የተዘረጋ ነው፤ ሳንቲም ይፈስበታል። የተጨበጠ እጅ ቢሆን ምን ይወርድ ነበር?

«አንዷ ትቅር» አለች። «ለከርሞ ዘር ትሁን። ሌላውን ልቀቂው።»

ሽርርር! ሳንቲሙ በቂጥ አልባዋ ማሰሮ አልፎ ጨርቁ ላይ ተዘረገፈ። ልጆቹ ጮኹ፤ ሙልጂም ወተት የነካውን ኖት ጢሙ ላይ እየጠረገ «ይሸታል፣ ግን ይሠራል» አለ።

የዲዋሊ ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጋሪው ሊራቆት ምንም አልቀረው። ጃሹ ገዢ ሲያስተናግድ ውሎ የራሱን ሱቅ ደጅ በኩራዝ ማብራት ረስቶ ኖሮ እየሮጠ መጣ።

«ክሩፓዬ፣ የቀረውን ስጭኝ፤ ነገ እከፍላለሁ።»

«ነገማ በዓል ነው፣ አባዬ። ዱቤ የለም።»

«አባትሽ ነኝ እኮ!»

«ለዚህ ነው ዋጋ ያልጨመርኩብዎት።»

ጃሹ ኪሱን ዳበሰ፣ ኢንዱማቲን በጎን አየ፣ ከፈለ። ቃሉን ጠበቀ፤ አፉን ግን ቢበዛ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው የዘጋው። ልጆቹ ከትርፉ መጀመሪያ የወፎቹን እህል አነሱ፣ የአርታን ማሰሮ ሞሉ፣ በቀረው ከራሱ ከጃሹ ጣፋጭ ገዙ። ክሩፓ ሚዛኑን ዓይኗን ሳትነቅል አየች።

በዓሉ አልፎ ሱቆች በተከፈቱበት ቀን ኢንዱማቲ ሙልጂ ጋ ሄደች። የሌላ መንደር ልጆችም እንምጣ ብለዋልና አራት አራት ማሰሮ አዘዘች።

«አራተኛው ቂጥ አይኑረው።»

«ቂጥ የሌለው? አብደሻል?»

«ጭቃው ስለሚያንስ ቅናሽ ታደርግልኛለህ።»

«ቅናሽ? ቂጥ ማስቀረት እኮ ተጨማሪ ሥራ ነው!»

ኢንዱማቲ አንዱን ማሰሮ አንስታ በጣቷ አንጓ ኳ አደረገችው፣ ጆሮዋን ሰጠችው፣ ክርክሩንም ቁጭ ብላ ጀመረች።