የሚታመን በሽታ

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነበር። ከዚያ በፊት ሞፈር የጨበጥሁበት፣ ዳዊት የገለጥሁበት ደህና እጅ ነበር። አዲስ አበባ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ውስጥ ሥራው ቀላል ይመስላል፤ ኬሚካሉን ከመስታወት ቱቦ ጠብ ጠብ ማድረግ፣ ከሥር ያለው ፈሳሽ ቀላ ማለት ሲጀምር ማቆም። መምህሩ ከኋላዬ ሲቆም ግን ጣቶቼ አልታዘዝ ይላሉ፣ ኬሚካሉ ይንዠቀዠቃል፣ የለፋሁበት ሁሉ ገደል ይገባል። ምግብ አፌ ውስጥ እንጨት እንጨት ይለኝ ጀመር። ውጤታቸው የተበላሸ ልጆች ሻንጣቸውን አንጠልጥለው ወደየአገራቸው ሲመለሱ አይቻለሁ፤ የእኔ ተራ መቼ ይሆን እያልሁ ነበር የምማረው።

መምህሩ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ወጣት ነው። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን አንቱታዬን አላባክንም። አንድ ቀን የፈሰሰውን አየና ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣

«ማታ ካቲካላህን ትጠጣለህ፣ ጧት እዚህ መጥተህ ትንቀጠቀጣለህ» አለኝ። «ሳይንስ ያልሆነለት እርሻ አለለት።»

ካቲካላ ቀምሼ አላውቅም። ግን ምን ልበል? ወንድ ልጅ ያውም በሰው ፊት፣ ፈራሁ ይላል? አንድ ጠረጴዛ የምንጋራው ልጅ፣ ከደብረ ታቦር በላይ ጉና ሥር ያደገ የደጋ ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ጀርባውን ለመምህሩ ሰጥቶ ሥራውን ይሠራል። በእርጋታው እቀናበት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ወደቅሁ፤ መስከረም ላይ ፈተናውን ደግመህ ካላለፍህ ትሰናበታለህ ተባልሁ።

ለክረምቱ ከወረታ ወጣ ብሎ ወዳለው ቤታችን ገባሁ። የፎገራ ሜዳ እንደ ልማዱ ውሃ ተኝቶበታል፣ ከብቱ እስከ ጉልበቱ ተነክሮ ይግጣል፣ ቢንቢው አያስቀምጥም። አባቴ የደብራችን የቅኔ መምህር ነበሩ። ከፊደል ጀምሮ ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ እኔም እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምላቸው።

«የኔታ፣ የማውቀው እንኳ ሰው ሲያየኝ ይጠፋኛል» አልኋቸው።

ጢማቸውን እየዳበሱ ሰሙኝ። ለእሳቸው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው፣ አብሾ። የቆሎ ተማሪ ትምህርት አልገባ ሲለው በጥብጦ የሚጠጣው ዕፅ ነው። አንዱን አእምሮውን ይከፍትለታል ይባላል፤ ሌላውን ያሳብደዋል። እናቴ ይህን ሁለተኛውን ታውቀዋለች። ወንድሟ አብሾ ጠጥቶ፣ እስኪሞት ድረስ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ብቻውን ሲያወራ ኖሯል።

«ኧረ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ! የወንድሜ አይበቃም?» አለች።

«የወንድምሽ በዝቶ ነው» አሉ የኔታ፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት።

የኔታ በጥብጠው የሰጡኝን ዋንጫ ተቀብዬ ጠጣሁት። ከማበድ ይልቅ መባረሩን እፈራ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን የነገረችኝ እናቴ ናት። ዳዊቱንና ኬሚስትሪውን እየደባለቅሁ ስለፈልፍ፣ «ፈሰሰ! ፈሰሰ!» እያልሁ ደረቁን ወለል በነጠላዋ ስጠርግ ውዬ፣ ወደ ውሃው ልሮጥ ስል ተማሪዎቹ ይዘው ከምሰሶው ጋር በጠፍር አሰሩኝ። ልብ ስገዛ የኔታ እግሬ ሥር ተቀምጠዋል። ጠፍሩ የላጠውን እጄን ይዘው አዩት፤ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

«ትምህርቱ አልገባህ ብሎ መስሎኝ ነበር እኮ» አሉ። «ለካ ገብቶህም ትፈራለህ።»

ከዚያ በኋላ ተማሪ ቅኔውን ሊነግራቸው ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሲሰሙ አይቻቸዋለሁ።

መስከረም ሲጠባ እናቴ ወረታ ድረስ ሸኘችኝ። የጭነት መኪናው ላይ ልወጣ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ያ መምህርህ ምን ሁነህ ነው ቢልህ ወባ ነው በለው የኔ ጌታ። ከፎገራ ለሄደ ሰው ማን ይክደዋል?»

የፈተናው ዕለት እጄ ያው እጅ ነው። የደጋው ልጅም ለካ ወድቆ ኖሯል፣ አጠገቤ ቆሟል። መምህሩ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«ዛሬም?» አለኝ።

«ወባ ነው፣ ጌታዬ። የፎገራ ሰው ነኝ።»

ፊቱ ወዲያው ተለወጠ። እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ፣ «ታዲያ ምነው እስከ ዛሬ ሳትናገር? አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ሥራ። ሰዓቱ ቢያልፍም እጠብቅሃለሁ» አለኝ። በገዛ እጁ ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ፣ ከዚያም ራቅ ብሎ ቆመ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድሁ። ያው መንቀጥቀጥ አይደለም እንዴ? ለፍርሃቴ ስድብ፣ ለወባዬ ወንበር! እንደ ምንም ብዬ፣ ፈሳሹ ቀላ ማለት ሲጀምር አቆምሁ። ማለፌን ያኔውኑ አወቅሁት። የደጋው ልጅ ፈሳሽ ግን ደም መስሎ ቀልቷል።

ስንወጣ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ተከትሎ አስቆመኝ። እጆቹን ከኪሱ አወጣቸው። እንደ እኔው ይንቀጠቀጣሉ፤ ዓመቱን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቶ የደበቀው እነሱን ኖሯል።

«እውነት ወባ ነው?» አለኝ።

የገዛ እጆቼን ኪሴ ውስጥ ከተትሁ።

«እኔ እኮ የደጋ ልጅ ነኝ» አለ። «ምን ነው የያዘኝ ልበላቸው?»