ማዳበሪያ የተከለከለችው መደብ

ሚስቱ ከአጥሩ ማዶ ቆማ፣ «ወንድምህ አረፈ፤ አሁን ከሆስፒታል ደወሉ» ስትለው በቆሎው መሃል አጎንብሶ ያርም ነበር። ቀና ሳይል፣ «የትኛው?» አላት።

«ስንት አለህና ነው» አለችው፤ ተመልሳ ገባች።

ያለው አንድ ወንድም ብቻ ነበር፤ የግብርና ባለሙያው ታናሹ። ሰው ሁሉ «ባለ ገመዱ» ይለዋል። በመስመር ለማዘራት የሚወጥራት ገመድ ከኪሱ ጠፍታ አታውቅም፤ መሐረብ ሊያወጣ ሲል እንኳ እሷ ትቀድማለች። ጫማው ከጭቃ ተለይቶ ያየው የለም። ታላቁ ግን፣ «ንፍጡን የጠረግኩለት ልጅ መሬት ሊያስተምረኝ!» እያለ ያጣጥለው ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት ባለ ገመዱ የታላቁን ማሳ ለሠርቶ ማሳያ ለመነው። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ማሳው ሁለተኛ ማዳበሪያ ያገኛል። ከመንገዱ ዳር ያለችው አንዲት መደብ ግን ምንም አታገኝም።

«ይህችን አትንካት፣ ጋሼ። ሰው ልዩነቱን በዓይኑ ካላየ አያምነኝም።»

መደቧ ቢጫ ሆነች። መንገደኛው ሁሉ፣ «ምነው፣ ዘንድሮስ ክንድህ ዛለ?» እያለ ያልፋል። ታላቁ አንድ ሳምንት ቻለው። ከዚያ በአንዱ ማለዳ፣ መንገዱ ሰው ሳይበዛበት፣ ማዳበሪያውን ከጣሳ እየዘገነ ከየሥሩ ጣለላት። ሚስቱ ጣሳውን አየች። መደቧም ብዙ ሳትቆይ ከሌላው እኩል ለመለመች።

በጉብኝቱ ቀን ገበሬው ተሰበሰበ፤ የባለ ገመዱ አለቃም መጣ። ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት በቆሎ።

«ገመድህን ለፍየሌ አውሰኝ፤ እሷ እንኳ ትጠቀምበታለች» አለ ቀልደኛው ጎረቤት። ማሳው በሳቅ ተሞላ። አለቃው አልሳቀም፤ ጻፈ።

ባለ ገመዱ ከመደቧ ተንበርክኮ አፈሩን ጫር አደረገ። ሳይሟሟ የቀረ የማዳበሪያ ፍሬ አገኘ። ጨበጠው፤ ታላቁን አየው፤ ተነሣ።

«ስህተቱ የእኔ ነው» አለ።

ሰዉ ሲበተን ቤት ድረስ መጣ። አልተቀመጠም።

«ጋሼ፣ የእኔን ተወው። ለገበሬዎቹ ብቻ ንገራቸው። ካሁን በኋላ አይሰሙኝም።»

«አጭበርባሪ ተብዬ መንገድ ለመንገድ ልሰደብልህ?»

«የሚቀርባቸው እህል ነው።»

«አንተ ደሞዝህ አይቀርብህ። ውጣልኝ ከቤቴ።»

ወጣ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሲያልፍ ሰላም የሚለው የወንድሙን ሚስት ብቻ ነበር። ታላቁን ያንገበገበው ሳቁ ሳይሆን የታናሹ ዝምታ ነው። ቢያጋልጠው ኖሮ እንዲህ ባልጠላው ነበር። ቢጠላውም በየዓመቱ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ሁለተኛውን ማዳበሪያ አላቋረጠም። ጎተራው ሞላ። ጎረቤቶቹ፣ «መሬቱ ነው፤ የታደለ መሬት» ይላሉ። እሱም፣ «አዎ፣ መሬቱ ነው» ይላል።

ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ ቀልደኛው አጠገቡ ተቀመጠ።

«ምክሩ አልያዘለትም እንጂ፣ ሰውስ ሰው ነበር» አለ በሐዘን።

ታላቁ አፉን ከፈተ። ሚስቱ ከበሩ ቆማ ታየዋለች።

«ለሰዎቹ ውሃ ስጪ» አላት።

እስካሁን አልነገራቸውም። ጎረቤቶቹም በቆሏቸው ጉልበት ሲደርስ ምንም አይጨምሩለትም።