ከጉድጓዱ ላይ የተነሳው ሳንቃ

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ከረጅሙ የድንጋይ አጥር መጨረሻ፣ ከእግረኛው መንገድ ዳር ነው። ከመጥበቡ የተነሳ ደንበኞቿ «እዚህ ቤት የወፈረ ሰው አይለካም እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባታል።

ባሏን ሰፈሩ ሁሉ ሾፌሩ ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቶ፣ ዓይኑ ሲከዳው መሪውን በዱላ ለወጠ። «አሁን የቀረኝ አንድ ማርሽ ነው» ይላል፤ «እሱም የዳገት።» ሁልጊዜ ምሳ ሰዓት ላይ ግራ እጁን አጥሩ ላይ እያስኬደ፣ ዱላውን በቀኙ ይዞ፣ ብቻውን ወደ ሱቋ ይመጣል። ሰው ሊደግፈው ሲል አይወድም። ከነዳቸው መንገዶች ሁሉ የቀረችለት ያቺ የአጥሩ ዳር መንገድ ብቻ ናት።

ከበሩ አጠገብ አንድ የፍሳሽ ጉድጓድ አለ። የብረት ክዳኑን ሌባ ወሰደው። አክስቴ ማዘጋጃ ቤት ተመላለሰች። «የሚመለከተው ሰው ስብሰባ ላይ ነው» አሏት። ስብሰባው ክረምት ገብቶ ክረምት ሲወጣም አላለቀም። ሲሰለቻት የአሮጌ መቁረጫ ጠረጴዛዋን ሳንቃ ነቅላ ጉድጓዱን ከደነችበት። መሀሉ ላይ ካውያ ያሳረረው ጠባሳ አለው። አልፎ አልፎ አንስታ አጥሩ ላይ አስደግፋ ታጥበዋለች፤ ያን ጊዜ ሾፌሩ እስኪመጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ትጠብቀውና እጁን ይዛ ታሳልፈዋለች። ከእሷ ሲሆን እሺ ይላል። በሌላው ቀን ሲደርስ ሳንቃውን በዱላው ዱም፣ ዱም ያደርገዋል፤ እሷም የስፌት መኪናዋን ፔዳል ትተዋለች።

«ክላክስህን ቀንስ፣ ሰፈሩ ተኝቷል።»

«ቦታ ልቀቂ፣ ላቆም ነው።»

ይህን ቀልድ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እንጃ። ሳይስቁበት የቀሩበትን ቀን ግን አላስታውስም።

የመድኃኒት ቤቱን ባለቤት ልጅ ሼር አድርጉ እንለዋለን፤ ስልኩ ላይ የሚናገረው ሁሉ በዚህ ቃል ስለሚያልቅ። ክፉ ልጅ አይደለም። ለጠፋ ሕፃን፣ ለተቆረጠ ዛፍ፣ ለፈረሰ ደረጃ ሲጮኽ ይውላል፤ ብዙ ሺህ ሰውም ይከተለዋል። የዚያን ቀን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ስለ ጉድጓዱ ሊጮኽ መጣ። አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ ስፒል በከንፈሯ ይዛ የደንበኛ ቀሚስ ወገብ ታጠብብ ነበር። ውጭ ሲሳሳቁ ሰማች እንጂ የሚሉትን አልለየችም። የተባባሉትን የነገረኝ በኋላ አንዱ ጓደኛው ነው።

«ሳንቃው እያለ ምን ይታያል?»

«አንሱታ። ለተከደነ ጉድጓድ ማን ይቆጣል?»

አነሱት። ሰው እንዳያደናቅፍ ብለው በጥንቃቄ አጥሩ ላይ አስደገፉት። ባዶውን ጉድጓድ ፎቶ ካነሱ በኋላ መንገዱን ተሻገሩና ጥላ ውስጥ ቆመው ጽሑፉን ማሳመር ጀመሩ። «አሳሳቢ» ይሻላል ወይስ «አስደንጋጭ»?

ሾፌሩ የመጣው ያኔ ነው። እጁ ከድንጋዩ ወደ እንጨቱ አለፈ። ዳሰሰው። የካውያውን ጠባሳ አገኘው። ሌላ ሰው ቢሆን ይቆም ነበር። እሱ ግን ያንን ሳንቃ ከአክስቴ በቀር የሚያነሳ ሰው ይኖራል ብሎ አያውቅም። ሆስፒታል ተኝቶ ሲነግራት አነጋገሩ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ነበር።

«ልታጥቢው ያነሳሽው መሰለኝ። ቆመሽ የምትጠብቂኝ መሰለኝ። ሳንቃውን ዞሬ ወደ አንቺ ተራመድኩ።»

ዳሌው ተሰብሯል።

እውነቱ ይነገርና፣ ሮጠው ያወጡት እነ ሼር አድርጉ ናቸው። ግን ሲያወጡት አንደኛው ፎቶ አንስቶት ነበር፤ አንድ እግሩ ጫማ የለውም፣ ፊቱ ጭቃ ነው። ያ ፎቶ የባዶውን ጉድጓድ ፎቶ አስረሳ። አገር ምድሩ አየው። አክስቴ ሰዎች ከሥሩ የጻፉትን እንዳነብላት ጠየቀችኝ። «እግዚአብሔር ይማርህ» የሚሉትን አነበብኩላት፣ በማዘጋጃ ቤቱ ላይ የወረደውን እርግማን አነበብኩላት፤ አንዱን ዘለልኩ።

«ምን ዘለልሽ?»

«ምንም።»

«አንብቢው፣ ልጄ።»

«ሚስቱ የት ነበረች? ይላል።»

ከዚያ ወዲያ አንብቢልኝ አላለችኝም።

ሳምንት ሳይሞላ የማዘጋጃ ቤት ሰዎች ከነካሜራቸው መጥተው አዲስ የብረት ክዳን ገጠሙ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች አክስቴ፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል። ሼር አድርጉ እነሱ እንደሄዱ ወደ ሱቁ ገባ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ደስታውም ከእንባው ጋር ፊቱ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ እርስዎ ያን ያህል ተመላልሰው ያልሆነው ሆነ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው አይወድቅም።»

«እውነትህን ነው፣ ጠቅሟል» አለችው። «አንድ ነገር ልለምንህ። ሳንቃውን ማን እንዳነሳው ጻፍ።»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «እሱን ከጻፍኩ ማዘጋጃ ቤቱ ነፃ ይወጣል። ጥፋቱ የእኛ ብቻ ነው ይባላል። ሌላ ጊዜ ስንጮኽ ማን ያምነናል?»

«እናንተን ለመክሰስ አይደለም። ሚስቱ የት ነበረች ለሚለው ሰው ነው።»

«ሰው እኮ ይረሳዋል፣ እትዬ። የሁለት ቀን ነገር ነው።»

«ለእናንተ» አለችና ፔዳሉን ረገጠች። ልጁ እስኪወጣ ድረስ እግሯን አላነሳችም።

አልጻፈም። አሁን ስለ አንድ የጠፋ የመንገድ መብራት እየጮኸ ነው፤ ይበራም ይሆናል። የሾፌሩን ፎቶ በማላውቃቸው ሰዎች ገጽ ላይ ዛሬም አገኘዋለሁ። ስሙን የጻፈ የለም፤ «አባታችን» ነው የሚሉት።

ምሳ ሰዓት ላይ አሁን ሱቋን ዘግታ ወደ ቤት የምትሄደው እሷ ናት። ትናንት አብሬያት ሄድኩ። ሾፌሩ አልጋው ላይ እንዳለ ፊቱን ወደ ኮቴዋ አዞረ።

«አዲሱ ክዳን ድምፁ እንዴት ነው?»

«ድምፅ የለውም። አጥብቀው ነው የገጠሙት።»

«ታዲያ መድረሴን በምን ታውቂያለሽ?»

ሐኪሙ ስለ እግሩ የነገራትን እስካሁን አልነገረችውም። ትራሱን ከፍ አደረገችለት።

«ወጥቼ እቆማለሁ» አለችው።