የልብስ ሰፊው ኪኒን

ዶክተሯ ሰውየውን ገና ከበሩ ስታየው «ደግሞ መጣ!» ብላ በሆዷ ተማረረች። እንደ ልማዱ ሜትሩን ካንገቱ ሳያወርድ፣ ኮሌታው ላይ የሰካቸውን መርፌዎች ሳይነቅል፣ ከጎድኑ ሥር በእጁ ደግፎ ገባ። የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት ደጋግማ አዛለታለች፤ የምርመራው ውጤት ግን ዛሬም ያው ነው።

«አባባ፣ ይሄ ባክቴሪያ እኮ ዝም ብሎ አይቀመጥም» አለችው። «መርፌ የመሰለ ነገር አለው። በሱ እየወጋ ፕሮቲኑን ጨጓራዎ ውስጥ ይከታል። የሚጎዳዎት እሱ ነው!»

«መርፌ ካለውማ የሙያ ባልደረባዬ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «ኪኒኑን ጨርሰውታል?»

«አንድም አላስተረፍኩ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አይሻልዎትም? ሊያሳብዱኝ ነው እንዴ?»

ሰውየው ኮሌታው ላይ ያሉትን መርፌዎች መነካካት ጀመረ። «ባለቤቴንም እኮ ያማታል» አለ ቀስ ብሎ። «ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት እምቢ አለች። የጠዋቱን እኔ እውጣለሁ፣ የማታውን ለእሷ እሰጣታለሁ።»

«በግማሽ መድኃኒት እኮ ሁለታችሁም አትድኑም!» ጮኸች ዶክተሯ።

«እሱስ አልዳንንም» አለ። «ግን እሷ አጠገቤ እያቃሰተች እኔ ደህና ሆኜ ከመተኛት ይሻላል።»