ከዛፉ ስር የወጣው ጥላ

የመጀመሪያ ቀን ካዛንቺስ ያለው ቢሮ ስገባ ኮምፒውተር አልሰጡኝም። ሰርቬይንግ ተመርቄ፣ ሶፍትዌሩን አብጠርጥሬ ችዬ፣ ጋሽ ሙሉጌታ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡልኝ ስቴሬዮስኮፕ ነበር። በቃ፣ እግር ያለው ትልቅ መነጽር በሉት። ከስሩ አንድን ሰፈር ከሁለት አቅጣጫ የሚያሳዩ ሁለት የአየር ፎቶዎች አሉ።

«ቤቶቹ ብድግ ብለው እስኪቆሙልሽ ማውስ አትነኪም» አሉኝ።

ጋሽ ሙሉጌታ አለቃዬ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአየር ፎቶ ላይ ቤትና መሬት ሲለኩ የኖሩ ኢንጂነር። እኔ ደግሞ ሙዚየም ነው እንዴ የተቀጠርኩት ብዬ ተናደድኩ። ዓይኔ አለቀሰ፣ ራሴን አመመኝ። ከሰዓት ላይ ግን ሁለቱ ፎቶዎች ዓይኔ ላይ አንድ ሆኑና ካዛንቺስ በአንዴ ተነሳች። ጠፍጣፋ የነበረው ቆርቆሮ ሁሉ ቤት ሆነ፣ ቁልቁለቱ ቁልቁል ወረደ። አንዱ ፎቅ ዓይኔን ሊወጋኝ የመጣ መሰለኝና ወደ ኋላ ሸሸሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ሳቁብኝ።

ካዛንቺስ ለልማት እየፈረሰች ነበር፤ ሥራችን ሰፈሩ ከመፍረሱ በፊት በተነሳ ፎቶ ላይ እያንዳንዱን ቤት በመስመር እየከበቡ መለካት ነበር። ከላይ የሚታየው ግን ጣሪያ ነው፣ ግድግዳ አይደለም። ስለዚህ ገና ያልፈረሱት ቤቶች ጋ ሜትር ይዘን እንሄድና ከግድግዳው ወጣ ያለውን ቆርቆሮ ለክተን እንቀንሳለን። እኔ ስቸኩል እረሳዋለሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ታዲያ «አሁን የለካሽው ዝናብ የማይነካውን መሬት ነው» ይሉኛል።

ከቡልጋሪያ ሰፈር በእግሬ ነበር የምመጣው። ጠዋት ስክሪን ላይ የከበብኩትን ግቢ ምሳ ሰዓት በበሩ አልፋለሁ። ማለቴ፣ በሩ እስካለ ድረስ። አንዳንዱን ሰኞ ለክቼው ዓርብ ሳልፍ ሜዳ ሆኗል። ሳምቡሳ የምንገዛበት በር፣ ልጆች ኳስ የሚጠልዙበት ኮብልስቶን፣ ሁሉም እኔ ስክሪን ላይ ብቻ ቀረ።

አንድ ቀን ወይዘሮ አሰለፈች የሚባሉ ሴት መጡ። ሰው ግቢ ጓሮ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ክፍሏ ፈርሳለች። ምትክ ቤት የሚገባውን ሰው የሚያጣራው ኮሚቴ ክፍሏ ፎቶው ላይ መኖሯ ይረጋገጥ ብሏል። ካልተረጋገጠ ምትክ የለም።

ፎቶውን ከፈትኩት። ትልቁ ቤት አለ፣ አጥሩ አለ፣ ጓሮው ላይ ግን ያለው አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ፎቶው ላይ የለም» አልኳቸው። ማሽሞንሞን አልችልም።

«ታዲያ እኔ ዛፍ ላይ ነበር የምኖረው? ዝንጀሮ አደረግሽኝ እኮ።»

ቢሮው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ቦርሳቸውን አንስተው እያጉረመረሙ፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ከቅርንጫፉ ስር ሾልካ ግድግዳቸው ላይ ታርፍ እንደነበር፣ የልጆቹን ልብስም እዚያ ያሰጡ እንደነበር ተናገሩ።

ይቀመጡ አልኳቸው። ፎቶው የተነሳው ጠዋት ነው፤ ጥላ ሁሉ ወደ ምዕራብ ተኝቷል። ፀሐይ ከቅርንጫፉ ስር ከገባች ክፍሏም ጥላ መጣል አለባት።

ፎቶውን አጉልቼ አቀረብኩት። ዛፉ ረጅም ስለሆነ ጥላው ራቅ ብሎ፣ ድቡልቡል ሆኖ ወድቋል። ከቅጠሉ ጠርዝ ስር ግን ሌላ ትንሽ ጥላ ብቅ ብሏል። ጫፉ ቀጥ ያለ ነው፣ ግራና ቀኙ ማዕዘን አለው። ዛፍ ደግሞ ማዕዘን የለውም።

ጋሽ ሙሉጌታን ጠራኋቸው። ስቴሬዮስኮፑ ላይ አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ወይዘሮ አሰለፈች ጀርባ ጀርባቸውን ያያሉ።

«ቤት ነው» አሉ።

የጥላውን ወርድ ለካሁ፤ የክፍሏ የአንዱ ጎን ርዝመት እሱ ነው። ሌላው ጎን ቅጠል ስር ነው። ወይዘሮ አሰለፈች ያም እኩል ነው፣ አልጋና ቁም ሳጥን ጎን ለጎን ያስገባል አሉ። እኔም ልጽፈው ስል ጋሽ ሙሉጌታ እጄን ያዙኝ።

«ለካሁ የምትይው የለካሽውን ብቻ ነው።»

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ ቤት ሊያጡ ነው እኮ።»

«ለዚህ ነዋ። አንዱን ከፈጠርሽ ሌላውንም አያምኑሽም።»

አኩርፌ ጻፍኩ፦ አንዱ ጎን ተለክቷል፤ ሌላው በዛፍ ስለተሸፈነ ሊለካ አልቻለም። ኮሚቴው ተቀበለው።

ወይዘሮ አሰለፈች ምትክ ካገኙበት ኮንዶሚኒየም ደወሉልኝ። ያንን ፎቶ አሳትመሽ ስጪኝ አሉኝ። ክፍሏ እኮ አትታይም አልኳቸው።

«ዛፉ ይታያል አይደል?» አሉኝ።

ይታያል። ቦታው ላይ ግን ዛፉም የለም፣ ሰፊ መንገድ ነው። ቢሯችንም ከካዛንቺስ ተነስቶ ወሎ ሰፈር ገብቷል፣ ስቴሬዮስኮፑ መደርደሪያ ላይ ነው። አልፎ አልፎ አወርደውና ካዛንቺስን አቆማታለሁ።

ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ፦ «የለም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ፎቶው በስንት ሰዓት እንደተነሳ ጠይቁ፣ ከዚያ ጥላውን እዩ።